የኋላው ደረጃ በር

ሥራዬ ሌሎች ሰዎች የሚያሠሩትን ሕንፃ ማየት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሰው ፎቅ ለመሥራት ሲነሣ መጀመሪያ ፕላኑን ይዞ እኔ ወደምሠራበት ክፍል ይመጣል። ሕንፃው ሲያልቅ ደግሞ፣ ሰው ሳይገባበት በፊት፣ እኔ ወይም አንዱ ባልደረባዬ ሄደን እናየዋለን። ደረጃው ስፋቱ ይበቃል ወይ፣ መብራቱ በደንብ ተዘርግቷል ወይ፣ አደጋ ቢመጣ ሰው በየት በኩል ይወጣል፤ ይህን አይተን እንፈርማለን። ከፈረምን በኋላ ሰው ይከራየዋል፣ ይነግድበታል፣ ይማርበታል። ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ «ይህን ማን ፈረመው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከፈረምኳቸው ወረቀቶች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ፤ አንዱን ግን የጻፍኩበት እስክሪብቶ ቀለም ሳይቀር አስታውሰዋለሁ።

የዚያ ሕንፃ ባለቤት አስተማሪዬ ነበሩ። በሙያ ትምህርት ቤት ንድፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው፣ ያሰመርኩት መስመር ከወፈረ በምላጭ ቀስ አድርገው ይፍቁልኝና «እንደገና» ይሉኛል። ሌላ ነገር አይናገሩም ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሼ ለክረምት ወደ አገሬ ስመለስ፣ አባቴ የሚያርስለት ሰው አጥቶ ስለነበር እዚያው አስቀረኝ። አገሬ ከጉንደ ወይን ወርዶ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ገጠር ነው። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲጀመር አለመምጣቴን ያዩት አስተማሪዬ በአውቶቡስ ጉንደ ወይን ድረስ መጡ። ከዚያ ወዲያ መኪና ስለሌለ፣ በዚያ ጭቃ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ መንገድ እየጠየቁ ቤታችን ደረሱ። እኛው ጋ አደሩ። ጠዋት ከአባቴ ጋር ከአጥር ውጪ ቆመው ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ ሲመለስ ግን «ልብስህን ሰብስብ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ «ጋሼ» ናቸው። ሥራ ከያዝኩ በኋላ እንኳ መንገድ ላይ ካየኋቸው ባርኔጣዬን አውልቄ እቆማለሁ። እሳቸው ፊት እግሬን አጣምሬ ተቀምጬ አላውቅም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ሆነው በዋናው መንገድ ዳር ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ለመሥራት ተነሡ። ፕላኑን ራሳቸው ነው የነደፉት፤ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ አይቶ ማኅተም አደረገበት። እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ያ የማውቀው ቀጭን መስመር ነበር። ሁለት ደረጃ አለው፤ አንዱ ከፊት በመንገዱ በኩል፣ ሌላው በሕንፃው ጫፍ ወደ ኋላው ግቢ የሚያወርድ። በየፎቁ ኮሪደሩ ከአንዱ ደረጃ ተነሥቶ ሌላኛው ላይ ያልቃል። እሳት ከአንዱ በኩል ቢነሣ ሰው በሌላው ይወርዳል ማለት ነው። ብዙ ሰው ቦታ ይበላብኛል ብሎ የኋላውን ደረጃ ያስቀረዋል፤ እሳቸው ግን አላስቀሩትም። አንድም ነገር ሳላርም አሳለፍኩት።

ሕንፃው አልቆ ለመጨረሻው ምርመራ የሄድኩት በግንቦት ወር ነው። ጋሼ በር ላይ ጠበቁኝ። ምድሩን አየን፤ ሱቆቹን አየን። በፊተኛው ደረጃ ወጥተን አንደኛ ፎቅ ላይ በኮሪደሩ እስከ ጫፍ ሄድን። ጫፉ ላይ፣ ኮሪደሩና የኋላው ደረጃ በሚገናኙበት ቦታ፣ ፕላኑ ላይ ያልነበረ የላሜራ በር ቆሟል። ገፋሁት፤ አልተከፈተም።

«ጋሼ፣ ይህ በር ፕላኑ ላይ የለም» አልኩ።

«የለም፤ ኋላ ያስገባነው ነው» አሉ። «ሌባ ነው ልጄ። የኋላው አጥር አጭር ነው፤ ገና ሕንፃው ሳያልቅ የመብራት ሽቦ ተሰረቀብን። ፎቶ ቤት የሚከፍተው ሰውዬ ደግሞ ‹ይህ በር ካልተቆለፈ ዕቃዬን አላስገባም› አለ። እና በደረጃው በኩል ጓጉንቸር አደረግንበት። ከላይ ባሉት ፎቆችም እንደዚሁ ነው።»

«ቁልፉስ?»

«ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው። ሁልጊዜ ግቢ ውስጥ አለ። አንድ ነገር ቢመጣ ሮጦ ይከፍታል፤ ደቂቃ አይፈጅም።»

የመውጫ በር ከውስጥ በኩል ያለ ቁልፍ መከፈት እንዳለበት፣ ሲገፉትም ወደ ውጪ መሄድ እንዳለበት አውቃለሁ። ይህኛው ተቆልፏል፤ ሲከፈትም ወደ ኮሪደሩ ነው የሚገባው። ሁለቱም ስሕተት ነበር።

«ጋሼ፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ቢሆን ነበር…» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ሣቁ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «ይህን ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም እንዴ? ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈት መዝጊያ አለ፤ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ። ተከራዮቹ ሰኞ ይገባሉ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ አታሳፍረኝ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚጠበቅብኝ። «በሩ ሳይስተካከል አልፈርምም» ማለት። ለሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ከእኔ ለሚበልጡ ባለሥልጣኖች ብዬዋለሁ። ያን ቀን ግን አላልኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው ይሉኝታን ጨዋነት ይለዋል፤ እኔም ጨዋነት ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። እኚህ ሰው በጭቃ ተጉዘው ካመጡኝ፣ እኔ በአንድ መዝጊያ ምክንያት ተከራዮቻቸው ፊት ላዋርዳቸው? ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ «የኋላው በር መዝጊያ እንዲስተካከል በቃል ተነግሯል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ሕንፃው ወዲያው ሞላ። ምድር ላይ የስፖንጅ ፍራሽና የመጋረጃ ሱቅ ተከፈተ፤ ፍራሹ እስከ ደረጃው ሥር ድረስ ተደርድሮ ነበር። አንደኛ ፎቅ ላይ ፎቶ ቤቱና ልብስ ሰፊዎች ገቡ። ሁለተኛው ላይ ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ሰዎች፤ ከላይ ቢሮዎች።

ከልብስ ሰፊዎቹ አንዷን አውቃት ነበር። ሦስት ሆነው ነበር የሚሠሩት። እሷ የሉማሜ ልጅ ናት፤ ባሏ ሞቶባት አንዲት ሴት ልጅ ታሳድጋለች፤ ልጅቷ ሉማሜ አያቷ ጋ ነች። የጥልፍ ሥራዋ የታወቀ ስለነበር የሰርግ ሰሞን ሰው ወረፋ ይይዝባታል። የኮሪደሩን የመጨረሻ ክፍል የመረጠችው ብርሃን ስላለው ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ግን እንደ ከተማው መስኮት ሁሉ የብረት ፍርግርግ አለው። ሱሪ ለማሳጠር ስሄድ፣ የልኬት ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ታናግረኛለች።

አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ። «እርስዎ የሕንፃ ሰው ነዎት አይደል? ይህን የኋላ በር ለምን አያስከፍቱልንም? መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ነው። በሩ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ ሕንፃውን ሙሉ ዞሬ ነው የምወርደው።»

«ለባለቤቱ እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

«ሁሉም እነግራለሁ ይላል» አለችና የሱሪዬን እግር ክር በጥርሷ በጥሳ ሰጠችኝ።

ነገርኳቸው ማለት ይቻላል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጋሼን አገኘኋቸውና «ያ መዝጊያስ ጋሼ?» አልኩ። «ታዟል፣ ይመጣል» አሉ። ወዲያው ስለ አባቴ ጤና ጠየቁኝ፤ እኔም ስለ አባቴ ጤና መለስኩ።

ዓመት ሊሆነው ጥቂት ሲቀረው፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ እሳቱ ተነሣ። እኔ ቤቴ ምሳ እየበላሁ ነበር። ባልደረባዬ ደወለና «የጋሼህ ሕንፃ ይቃጠላል» አለኝ። ከቤቴ እዚያ ድረስ ሩቅ አይደለም፤ ሮጥኩ። ገና ከሩቁ ጭሱ ይታያል። የእንጨት ጭስ አይደለም፤ የስፖንጅ ጭስ ነው፤ ጥቁርና ወፍራም። በኋላ እንደተጣራው ከሱቁ ውስጥ፣ ከቆጣሪው አጠገብ፣ ሽቦ ተያይዞ ነው የጀመረው። ፍራሹ ሲይዝ ጭሱ በፊተኛው ደረጃ ወደ ላይ ወጣ። ደረጃው ሰው የሚወርድበት መሆኑ ቀርቶ የጭስ መንገድ ሆነ።

መንገዱ በሰው ተሞልቷል። የሠፈሩ ሰው ከየቤቱ ፍራሽ አውጥቶ አስፋልቱ ላይ አንጥፏል፤ ሌሎች ከአጠገብ ካለው ግንባታ የእንጨት መሰላል አምጥተው አቁመዋል። የኮምፒውተር ተማሪዎቹ ከፊት ባለው በረንዳ በኩል፣ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ፣ አንዳንዱም እየዘለለ ይወርዳሉ። ጋሼ ከመንገዱ ማዶ ባዶ ራሳቸውን ቆመዋል። «ጥበቃው! ጥበቃው የት አለ?» ይላሉ። ጥበቃው ያን ቀን የእድርተኛ ቀብር ነበረበት። ፈቃድ ጠይቆ፣ ተፈቅዶለት ነው የሄደው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ከሦስቱ ልብስ ሰፊዎች ሁለቱ መንገድ ላይ ናቸው። አንደኛዋ ክንዴን ያዘችኝ። «እሷ አልወጣችም! እኛ ወደ በረንዳ ስንሮጥ እሷ ‹ጥበቃው ይከፍትልኛል› ብላ ወደ ኋላ ሄደች!»

ወደ ኋላው ግቢ ዞርኩ። አጠገብ ካለው እንጨት ሥራ ቤት ሁለት ወጣቶች ዲጂኖ ይዘው ተከተሉኝ። የኋላው ደረጃ ንጹሕ ነበር። ጭስ የለበትም፤ እሳት የለበትም። እንደተነደፈው ሆኖ ቆሟል። እየሮጥን ወጣን። አንደኛ ፎቅ በሩ ጋ ስንደርስ ከውስጥ ላሜራው ሲመታ ሰማሁ። በመዳፍ ነው የሚመታው።

«መጣን! መጣን! ዝቅ በይ፣ መሬት ላይ ተኚ!» ብዬ ጮህኩ። ሰምታኝ እንደሆነ አላውቅም።

ጓጉንቸሩ ጠንካራ ነበር፤ ጋሼ ርካሽ ዕቃ አይወዱም። ወጣቶቹ ዲጂኖውን እያስገቡ ይጠመዝዛሉ፤ ይንሸራተታል። ምን ያህል እንደቆየን ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ፖሊስም ጠይቆኛል። አላውቅም። የማውቀው ጓጉንቸሩ ከመሰበሩ በፊት ምቱ መቆሙን ነው።

ሲሰበር በሩን ገፋነው፤ አልሄደም። ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፣ እሷ ደግሞ ከበሩ ሥር ወድቃ ነበር። ቀስ እያልን፣ በሩን በእሷ ላይ እየገፋን፣ አንዱ ወጣት እጁን አስገብቶ በቀሚሷ እስኪስባት ድረስ ጠበቅን። አወጣናት። ሜትሩ አሁንም አንገቷ ላይ ነበር። ትንፋሽ ነበራት። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች። ሐኪሙ አንድም ቦታ አልተቃጠለችም አለን። የገደላት ጭሱ ነው። ከሕንፃው ውስጥ የሞተችው እሷ ብቻ ናት።

ቀብሯ ሉማሜ ሆነ። በማግስቱ እኔና ባልደረቦቼ በሚኒባስ ሄድን። ጋሼ ከልጃቸው ጋር ለብቻቸው መጡ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ሄድኩ፤ መቅረት አልቻልኩም። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ዙሪያውን ይዞ ተቀምጧል። ጋሼም ከእኔ በፊት መጥተው ከአንድ ጥግ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ተቀምጠዋል። የሟች እናት ጥቁር ነጠላ ለብሰው መሬት ላይ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝታለች።

አንድ ሰው ሊያጽናናቸው ብሎ «ምን ታደርግ፣ ጭሱ አደናግሯት መንገድ ጠፋት» አለ።

እናትየው ቀና አሉ። «ልጄ መንገድ የሚጠፋት ሰው አልነበረችም» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «አንተ ነህ አሉ ያወጣሃት። እውነቱን ንገረኝ። መንገድ ጠፍቷት ነው?»

አዎ ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጭስ ነው፣ መደናገር ነው፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይባላል፤ ሁላችንም ንፍሮ በልተን ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

«አልጠፋትም እማማ» አልኩ። «በትክክለኛው መንገድ ነው የሄደችው። የፊቱ ደረጃ ጭስ ነበር፤ የኋላው ደረጃ ደኅና ነበር። ሕንፃው የተሠራው እንደዚያ እንድትወጣበት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልወጣችም?»

«በሩ ተቆልፎ ነበር።»

«ማነው የቆለፈው?»

ከወዲያ ጥግ ጋሼ ሲነሡ አየሁ። ጋቢው ከትከሻቸው ወረደ፤ አላነሡትም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሕንፃው የእኔ ነው። ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌ፣ ብዙ ሰው ያስተማሩ ሰው፣ ለቅሶ ቤት መካከል ቆመው እንዲህ ሲሉ መስማት ለሁሉም ከበደ። እኔም ተነሣሁ። «መቆለፉን አይቼ ሕንፃው ሰው ይግባበት ብዬ የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አልኩ።

እናትየው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ይረግሙናል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን የልጅቷን ራስ በነጠላቸው ሸፈኑና «ተቀመጡ» አሉን። ተቀመጥን። እስኪመሽ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገሩንም።

ነገሩ ሕግ ፊት ቀረበ። የፈረምኩት ወረቀት ችሎት ውስጥ ተነበበ፤ «በቃል ተነግሯል» የሚለውን ዳኛዋ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጋሼ ጠበቃቸው የሰጣቸውን ምክር ትተው ጥፋቱን አመኑ። በዕድሜያቸውና በሕመማቸው ምክንያት ቅጣታቸው በገደብ ሆነ። እኔ ከምርመራ ሥራ ተነሥቼ አንድ ዓመት ያህል መዝገብ ቤት ተቀመጥኩ። በዝቶብኛል ብዬ አላውቅም። አንሷል ብዬ ግን ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

መዝገብ ቤት ሳለሁ አንድ ጠዋት ጋሼ መጡ። ተነሥቼ ወንበሬን ሰጠኋቸው፤ እንቢ አሉና ፋይሎቹ መካከል ቆሙ። ከስተው ነበር።

«በሮቹን ነቅያቸዋለሁ» አሉኝ። «በሰው አላስነቀልኳቸውም፤ እኔው ነኝ የነቀልኳቸው። ሕንፃውን ፕላኑ ላይ ወዳለው መልሼዋለሁ።»

«ደግ አደረጉ ጋሼ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ። «ለምን እንቢ አላልከኝም?»

«እርስዎን እንዴት ብዬ…»

«እኔን ነበራ እንቢ ማለት የነበረብህ!» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ በተማሪነቴ እንኳ እንደዚያ ጮኸውብኝ አያውቁም። «ሌላውንማ ማንም እንቢ ይላል። እኔ ሕጉን አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የጠየቅኩህ፤ እንደማትከለክለኝም አውቅ ነበር። በሩን የቆለፍኩት በውለታዬ ነው።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኔ በአንተ ተመካሁ፣ አንተ እኔን አከበርክ፤ በመካከላችን ያች ልጅ ቀረች።»

እስከ ውጪው በር ሸኘኋቸው። ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ከቤት ብዙ አይወጡም። በየወሩ ሄጄ አያቸዋለሁ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ልጆቼ እናወራለን። ስለ ሕንፃ አናነሣም።

ወደ ሥራዬ ስመለስ ሰው እኔን ፈርቶ እንደሆነ፣ እኔ ተለውጬ እንደሆነ አላውቅም፤ ነገሩ ሁሉ ከበደ። ደረጃ ሥር የተቆለለ የቢራ ሳጥን ካየሁ የመጨረሻው ሳጥን እስኪነሣ ቆሜ እጠብቃለሁ። የቅርብ ዘመዶቼ ተቀይመውኛል። አንድ የንስሐ አባቴ ወዳጅ የሆኑ ቄስ ስለ ወንድማቸው ሆቴል አማላጅ ሆነው መጡ፤ መስቀላቸውን ተሳልሜ «አባቴ፣ የተደፈነው መስኮት ካልተከፈተ፣ በሩ ወደ ውጪ እንዲከፈት ካልተገለበጠ አልፈርምም» አልኳቸው። ተቆጥተው ሄዱ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ምግብ አልበላ አለኝ። እንቢ ማለት ቀለለኝ የምለው ውሸት ነው። አልቀለለኝም።

ከአደጋው ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ከሉማሜ መልእክት መጣልኝ። የሟች እናት ናቸው የላኩት። መልእክቱን ያመጣው የሚኒባስ ሹፌር ነው። «‹የልጅ ልጄ ከትምህርት መልስ የምታጠናበት ቤት በሩ አንድ ነው፤ መጥቶ ይየው› ብለውሃል» አለኝ። ሌላ ነገር የለውም። ሰላምታም የለውም።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። እናትየው አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆመው ጠበቁኝ። እጅ ነሣሁ፤ ራሳቸውን ነቀነቁና ቀድመውኝ ሄዱ። የእሳቸው ዕድሜ ያላቸው ሴቶች የሚያውቁትንም የማያውቁትንም «ልጄ» ይላሉ። እሳቸው ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በፊት እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

ቤቱ አንዲት ወጣት መምህርት ተከራይታ ልጆች የምታስጠናበት የጭቃ ቤት ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ የገባሁት ወደ ቀኙ ነው። ልጆቹ ጠባብ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የኋላ በር ነበረው፤ ግን የተሰበሩ ወንበሮች ተደርድረውበት በር መሆኑ ተረስቷል። መምህርቷ ደነገጠች። «ልጆቹ እየወጡ ስላስቸገሩኝ ነው» አለች። አልተቆጣኋትም። አብረን ወንበሮቹን አንድ በአንድ አወጣናቸው። የዛገውን መቀርቀሪያ በድንጋይ መታሁት፤ በሩ ተከፈተና ነፋስ ገባ። ማጠፊያውን ነቅዬ ወደ ውጪ እንዲከፈት አዙሬ መታሁት፤ መሣሪያ ይዤ ነበር የሄድኩት። ከዚያ ልጆቹን «አሁን ሁላችሁም በዚህ በኩል ውጡ» አልኳቸው። እየተንጫጩ ወጡ። ከመካከላቸው የእናቷን ግንባር የያዘች ልጅ ነበረች። ፊቷን አይቼ አወቅኳት። በአጠገቤ ስታልፍ ቀና ብላ አየችኝና ከጓደኞቿ ጋር ሮጠች።

እናትየው ይህን ሁሉ ከአጥሩ ጋ ቆመው አዩ። መሣሪያዬን ሰብስቤ፣ እጄን ታጥቤ፣ ልሰናበታቸው ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«እንግዲህ ልሂድ እማማ» አልኩ።

«የግራውን ክፍል አየኸው?» አሉኝ።

«አላየሁትም። ልጆች ያሉበት ይኸኛው ስለሆነ…»

«ጠዋት ጠዋት ሌሎች ልጆች ይገቡበታል» አሉ። «እየው።»

ቦርሳዬን እንደገና ከፈትኩና ወደ ውስጥ ተመለስኩ።